የሎጋን ሰርክሉ ፈረሰኛ፦ ጥቁሮችን ያገደው ሕግ አውጪና የቪክስበርጉ ጀኔራል አንድ ሰው ናቸው?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ዲሲ ሎጋን ሰርክል ላይ በፈረስ የተቀመጠው ጀኔራል ማን እንደሆነ ሳጣራ የማይገጣጠሙ ሁለት ታሪኮች አገኘሁ። አንዱ ጥቁሮች ኢሊኖይ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ያስወጣ የስቴት ምክር ቤት አባል ነበር ይላል። ሌላው ባርነትን ካፈረሰው ጦር ጀኔራሎች አንዱ፣ በጦርነት የወደቁ ወታደሮች የሚታሰቡበት የሜሞሪያል ዴይም ጀማሪ ነው ይላል። አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? የጦር ትምህርት ሳይኖረውስ እንዴት እዚያ ደረሰ?»

መልስ፦

አንድ ሰው ነው፤ ጆን አሌክሳንደር ሎጋን ይባላል። ከሜሞሪያል ዴይ አጀማመር በቀር ያነበቡት ሁሉ እውነት ነው፤ እሱንም ቦታው ላይ ስደርስ አስተካክለዋለሁ። ታሪኮቹ የማይገጣጠሙ የሚመስሉት ከ1853 እስከ 1863 ያሉት አሥር ዓመታት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ስለሚታለፉ ነው። (ዓመትና ወሩን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሎጋን በ1826 የተወለደው በደቡባዊ ኢሊኖይ፣ ዛሬ መርፊስቦሮ የምትባለው ከተማ ባለችበት አካባቢ ነው። አገሬው ይህን አካባቢ «ግብፅ» እያለ ይጠራዋል፤ ሚሲሲፒና ኦሃዮ ወንዞች የሚገናኙበት ከተማም ካይሮ ይባላል። ባርነት ሕጋዊ ከነበረባቸው ከኬንታኪና ከሚዙሪ የሚለየው ወንዝ ብቻ ነው። ሰፋሪውም በአብዛኛው ከኬንታኪ፣ ከቴኔሲና ከቨርጂኒያ ተነቅሎ የመጣ ድሃ ገበሬ ነበር። ባሪያ የለውም፣ ባሪያ የሚያሠራውን ከበርቴም አይወድም፤ ነፃ የወጣ ጥቁር ጎረቤቱ እንዲሆን ደግሞ ጨርሶ አይፈልግም። የሎጋን የመጀመሪያ ፖለቲካ ከዚህ ስሜት የተቀዳ ነው። አባቱ ዶክተር ጆን ሎጋን ከአየርላንድ የመጡ ሐኪም ሲሆኑ እሳቸውም የስቴቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ ፖለቲካን ያገኘው እንደ ርስት ነው ማለት ይቻላል።

የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ በ1847 ከኢሊኖይ በጎ ፈቃደኞች ጋር ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ እስከ ሳንታ ፌ ዘምቷል፤ ግን ውጊያ ሳያይ በስንቅና ትጥቅ ሥራ ላይ እንዳለ ጦርነቱ አለቀ። ተመልሶ የአውራጃ ጸሐፊ ሆነ፣ በ1851 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ፣ በ1852 ደግሞ በ26 ዓመቱ ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጠ።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1848ቱ የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ነፃ ጥቁሮች ወደ ስቴቱ እንዳይገቡ የሚያግድ ሕግ እንዲወጣ ምክር ቤቱን አዝዞ ነበር። አዋጁን በፌብሩዋሪ 1853 ገፍቶ ያስጸደቀው ወጣቱ ሎጋን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ከውጭ የመጣ ጥቁር ወይም ክልስ፣ ነፃ ሰውም ቢሆን፣ ለመኖር አስቦ አሥር ቀን ከቆየ ጥፋተኛ ነው። መቀጮው 50 ዶላር ነው። ካልከፈለ የአካባቢው ዳኛ ማስታወቂያ አስለጥፎ ጉልበቱን በአደባባይ ለጨረታ ያቀርበዋል፤ ጨረታውንም መቀጮውንና የዳኝነቱን ወጪ ከፍሎ ሰውየውን ከሁሉ ባጠረ ጊዜ ለማሠራት የተስማማው ያሸንፋል። ጊዜውን ጨርሶ ስቴቱን ካልለቀቀ እንደገና ይከሰሳል፣ መቀጮውም በየጊዜው 50 ዶላር ይጨምራል። ከተሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ የጠቋሚው ነው። የገንዘቡን ክብደት ለመገመት ያህል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የአንድ ተራ ወታደር የወር ደመወዝ 13 ዶላር ነበር።

በዚህ ሕግ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ወረቀት ላይ የቀረ ነው» የሚለው ነው። አፈጻጸሙ ከአውራጃ አውራጃ ይለያይ እንጂ የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1864፣ ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ሕጉን አጽንቶታል። ሁለተኛው ጀኔራል ሎጋን ራሱ እንዳሰረዘው አድርጎ ማውራት ነው። ለማሰረዝ ለዓመታት የታገለው ጆን ጆንስ የሚባል ጥቁር የቺካጎ ልብስ ሰፊ ነው። ሕጉ የተሻረው በፌብሩዋሪ 1865 ሲሆን፣ በዚያው ወር ኢሊኖይ ባርነትን የሚሽረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከሁሉም ስቴቶች ቀድማ አጽድቃለች።

ሎጋን በ1859 ኮንግረስ ሲገባም ያው ዴሞክራት ነበር። የሸሹ ባሪያዎችን ይዞ መመለስን ተቃዋሚዎቹ «ቆሻሻ ሥራ» ሲሉት፣ ሥራው ቆሻሻም ቢሆን ሕግ ስለሆነ እኛ እንሠራዋለን ብሎ በምክር ቤቱ ተናገረ፤ «ቆሻሻ ሥራ ሎጋን» የሚል ቅጽልም ተለጠፈበት።

በኤፕሪል 1861 በሰሜንና ባርነትን ይዘው በተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች መካከል የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ የደቡባዊ ኢሊኖይ ሰው ልቡ ተከፍሎ ነበር። ማሪዮን በምትባለው ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች አካባቢያቸው ከደቡቡ ጋር እንዲገነጠል የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፉ፤ የሎጋን የሚስቱ ወንድም ሄዶ የደቡቡን ጦር ተቀላቀለ። ሎጋን ለሳምንታት ዝም አለ። ጠላቶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያነሱበት የነበረው ይህን ዝምታ ነው። በእኔ ግምት ለደቡብ ወታደር ሊመለምል ነበር የሚለው ክስ የተቃዋሚ ወሬ ነው፤ መራጩ ወዴት እንደሚያዘነብል እስኪያይ መጠበቁ ግን አይካድም። በጁን ስፕሪንግፊልድ ላይ የኮሎኔል ግራንት (በኋላ የሰሜን ጦር ዋና አዛዥ የሆነው) 21ኛ ሬጅመንት ለሦስት ዓመት ይፈርም አይፈርም በተባለበት ቀን ሎጋን እንዲናገር ተጋበዘ። ግራንት ሰውየው ምን ሊል ይሆን ብሎ ሠግቶ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ንግግሩ ግን ሬጅመንቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ አስፈረመው። በጁላይ፣ ገና የኮንግረስ አባል ሆኖ፣ በሲቪል ልብሱ ጠመንጃ ይዞ ከሚሺጋን ወታደሮች ጋር የጦርነቱ የመጀመሪያ ትልቅ ውጊያ የሆነውን የቡል ረንን ዘመቻ ተከትሎ ሄደ። በኦገስት ወደ ማሪዮን ተመልሶ አደባባይ ላይ ቆመና ሬጅመንት ሊያቋቁም መሆኑን አስታወቀ።

እንዴት ጀኔራል ሆነ ላሉት መልሱ እዚህ ጋ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ መደበኛው የአሜሪካ ሠራዊት 16,000 ያህል ሰው ብቻ ነበረው። የቀረው ሁሉ ከየስቴቱ በበጎ ፈቃድ ይመጣል። አንድ የእግረኛ ሬጅመንት አሥር ሻምበሎች ነበሩት፤ አንዱ ሻምበል ሲሞላ መቶ ሰው ገደማ፣ ሬጅመንቱ በጠቅላላው አንድ ሺህ ያህል። ሻምበሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወረዳ ይሞላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት፣ አጎት ከወንድም ልጅ ጋር ይፈርማል። የመኮንኖቹን ሹመት የሚሰጠው የስቴቱ ገዢ ነው። ስለዚህ ኮሎኔል የሚሆነው አንድ ሺህ ሰው ማምጣት የሚችል ሰው ነው፤ በ«ግብፅ» ደግሞ ይህን ማድረግ የሚችለው ሎጋን ነበር። የእሱ 31ኛ ኢሊኖይ በሴፕቴምበር ካይሮ ላይ ወደ ፌዴራሉ ጦር ገባ። ሊንከንም ያስፈለገው ይኸው ነው። ዴሞክራቱ አውራጃ ጦርነቱን የሪፐብሊካኖች ጦርነት ብሎ ከጠላው ከካይሮ ወደ ደቡብ የሚወርደው የወንዝ መንገድ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጉድለቱም ከዚሁ አሠራር ይመጣል። ሕዝብ ማስነሳት የሚችል ሰው ሁሉ ጥይት በሰዓቱ ማድረስ አይችልም። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1862 ቴኔሲ ውስጥ ባለው ምሽግ ፎርት ዶነልሰን ላይ ደቡቦች ከበባውን ሰብረው ለመውጣት ማለዳ ሲያጠቁ የሎጋን ሬጅመንት በቀኝ በኩል ነበር። ወታደሩ በኮሮጆው የሚይዘው 40 ያህል ጥይት ነው። ያ ሲያልቅ መስመሩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ግራንት ሲደርስ ያየው ነገር የሚያስገርም ነው፤ ጥይት በሣጥን በሣጥን በቅርብ ርቀት ተከምሮ ነበር፤ ሄዶ አምጥቶ የማደል ልምድ ግን መኮንኖቹ ገና አላዳበሩም። ሎጋን በዚያ ቀን ትከሻውን ተመታ፤ ሞቷል የሚል ዜናም ወጣ። ባለቤቱ ሜሪ ሄዳ አስታመመችው፣ ቁስሉ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም። በማርች ብርጋዴር ጀኔራል ሆነ፣ በኤፕሪል የኮንግረስ ወንበሩን ለቀቀ።

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችውን የደቡቦች ምሽግ ከተማ ለመያዝ በተደረገው የ1863ቱ የቪክስበርግ ዘመቻ ክፍለ ጦር ይመራ ነበር፤ ሬይመንድና ቻምፒየን ሂል ላይ ጥሩ ተዋግቷል። በከበባው ጊዜ ግን የፖለቲከኛ አንደበት የማያግዘው ሥራ መጣ፤ ከፊቱ «ሦስተኛ ሉዊዚያና» የተባለው ምሽግ ነበር፣ በቀጥታ ጥቃት አልተያዘም። ካፒቴን አንድሩ ሂክንሉፐር የተባለ መሐንዲስ ወደ ምሽጉ የሚጠጋ ቦይ አስቆፈረ። ቆፋሪዎቹን ከጥይት ለመከለል የጥጥ እስር የተደረደረበት የባቡር ተሳቢ ከፊት ይገፋ ነበር፤ ደቡቦች ተርፐንታይን የነካ ነገር በጥይት ላይ እየጠቀለሉ ተኩሰው አቃጠሉት። ቦዩ ምሽጉ ሥር ሲደርስ ከበጎ ፈቃደኛ ማዕድን ቆፋሪዎች 36 ተመርጠው 45 ጫማ (14 ሜትር ገደማ) ዋሻ አስገቡ፣ 2,200 ፓውንድ፣ አንድ ቶን ያህል ባሩድም ቀበሩበት። ጁን 25 ቀን ከሰዓት በኋላ ፈነዳ። ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው።

ግን አልሠራም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደቡቦች የቁፋሮውን ድምፅ ከሥራቸው ሰምተው ከምሽጉ ጀርባ ሌላ የአፈር ግንብ አዘጋጅተው፣ አብዛኛውን ሰዋቸውን ወደዚያ አዛውረዋል። የሎጋን ወታደሮች ጉድጓዱ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ከታች አገኙት። ቦታው ስለሚጠብ በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ሰው በላይ መተኮስ አይችልም፤ ጠላት ደግሞ ከላይ ሆኖ ክሩ የተለኮሰ የመድፍ ጥይት ቁልቁል ያንከባልልባቸዋል። ሬጅመንቶቹ እየተፈራረቁ ከአንድ ቀን በላይ ተዋግተው ሳይሳካ ቀረ። በጁላይ 1 ሁለተኛ ፈንጂ ምሽጉን አፈራረሰው፣ ያኔ ግን እግረኛ አላስገቡም። ከተማዋ በጁላይ 4 እጅ ስትሰጥ ቀድሞ እንዲገባ የተፈቀደለት የሎጋን ክፍለ ጦር ነበር።

በባርነት ላይ የነበረው አመለካከት የተለወጠውም በእነዚህ ወራት ነው፤ ድንገት የወረደበት ነገር አልነበረም። በ1861 የተዋጋው ለአንድነት ብቻ ነው፣ ባርነትን ለማስቀረት አልነበረም። የሊንከን የነፃነት አዋጅ በጃንዋሪ 1863 ሲወጣ ግን የገዛ አገሩ ልጆች «ለጥቁር ብለን አንዋጋም» እያሉ መክዳት ጀመሩ። ከደቡባዊ ኢሊኖይ የተመለመለው 109ኛ ሬጅመንት ታማኝነቱ ጠፍቶ ፈረሰ። ሎጋን በፌብሩዋሪ ለወታደሮቹ ባወጣው መልእክት እንዲጸኑ መከራቸው። አስተሳሰቡ የወታደር ስሌት ነበር፤ ባሪያው የጠላትን እርሻ ያርሳል፣ ምሽጉን ይቆፍራል፤ እሱን መውሰድ ጠላትን ማዳከም ነው። በ1863 በጋ ለዕረፍት ወደ ኢሊኖይ ሄዶ እየዞረ ሲናገር ግን ባርነት ራሱ የጦርነቱ ሥር ስለሆነ መጥፋት አለበት ወደሚለው ተሻግሮ ነበር። ያንን ሕግ ባስጸደቀ በአሥረኛው ዓመት፣ ለእነዚያው መራጮች።

ጀኔራል ሸርማን በመራው የ1864ቱ የአትላንታ ዘመቻ 15ኛውን ኮር (ብዙ ክፍለ ጦሮች የያዘ የጦር ክፍል) ይመራ ነበር። ጁላይ 22 ቀን «የቴኔሲ ሠራዊት» የሚባለው የሰሜን ጦር አዛዥ ጀኔራል ማክፈርሰን ሲገደል ሎጋን እዚያው ጦርነቱ መሐል አዛዥነቱን ተረከበ። የራሱ ኮር መስመር ተሰብሮ መድፎች ሲማረኩ በፈረስ ወደዚያ ጋልቦ፣ የማክፈርሰንን ስም እየጠራ ሰዉን አሰባስቦ መስመሩን መለሰው። ያን ቀን የሚተካከለው አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሸርማን አዛዥነቱን ወስዶ ለኦሊቨር ኦቲስ ሀዋርድ ሰጠ።

ብዙ ጸሐፊ ይህን በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ምሩቃን ወገንተኝነት ብቻ ያስረዳዋል። ወገንተኝነቱ ነበር። ሌላ ሠራዊት የሚመራው ጀኔራል ቶማስም ከሎጋን ጋር መሥራት አልፈልግም ብሏል። ሸርማን የሰጠው ምክንያት ግን ከዚያ በላይ ነው፤ ሎጋን በውጊያ ቀን ደፋር ቢሆንም በውጊያና በውጊያ መካከል ያለውን አሰልቺ ሥራ፣ ማለትም የስንቅ ቆጠራን፣ የመንገድንና የጋሪን ጉዳይ አይወድም፤ ዘመቻው ጋብ ሲል ደግሞ ለምርጫ ንግግር ወደ አገሩ ይሄዳል። ስንቅ በአንዲት ረጅም የባቡር መስመር ለሚመጣለት ጦር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኔ ሸርማን ተሳስቷል አልልም፤ አነጋገሩ ግን ሎጋንን ዕድሜውን ሙሉ አቆሰለው። ሆኖም አላኮረፈም፤ በማግሥቱ ጁላይ 28 ኤዝራ ቸርች ላይ በሀዋርድ ሥር ተዋግቶ ጥቃቱን መለሰ። ከጦርነቱ በኋላ በስሙ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመለት ይኸው አዛዥነቱን የወሰደበት ጀኔራል ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ግቢ። ከሎጋን ሰርክል በእግር ይደረሳል።

በዲሴምበር ዕጣው ተገለበጠ። ግራንት በቶማስ መዘግየት ተናዶ፣ ቶማስ ናሽቪል ላይ ካላጠቃ እንዲተካው ሎጋንን ላከ። ሎጋን ሉዊቪል ሲደርስ ቶማስ ማሸነፉን ሰማ፤ አልገፋም፣ ወደ ኮሩ ልመለስ ብሎ ለግራንት ቴሌግራም አደረገ። በኤፕሪል 1865 ራሊ ላይ ደግሞ የሊንከንን መገደል የሰሙ ወታደሮች ከተማዋን ሊያቃጥሉ ሲነሱ በመድፍ አስፈራርቶ መለሳቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ሪፐብሊካን ሆኖ በ1867 ኮንግረስ ተመለሰ። በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን በሴኔት ፊት ከከሰሱት ሰባት የምክር ቤት ተወካዮች አንዱ ነበር፤ ለጥቁሮች የመምረጥ መብትም ቆመ። ከዚያ ሴናተር ሆነ፣ በ1884 ከጄምስ ብሌይን ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ በዲሴምበር 1886 ሞተ። የሚያሞግሱት ጽሑፎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። በ1883 የሴኔት ኮሚቴ አባል ሆኖ ስታንዲንግ ሮክ ሄዶ ሳለ የላኮታውን መሪ ሲቲንግ ቡልን፣ አንተ ተከታይም ሥልጣንም የሌለህ፣ መንግሥት የሚቀልብህ ሰው ነህ በሚል አነጋገር በሰው ፊት አዋርዶታል። ለጥቁሮች የሰፋው ልቡ ለአገሩ ቀደምት ሕዝብ አልሰፋም።

ሜሞሪያል ዴይን በተመለከተ። ሎጋን የሰሜን ጦር አርበኞች ማኅበር ዋና አዛዥ ሳለ በሜይ 5 ቀን 1868 አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 11ን አወጣ፤ በየአካባቢው ያሉ የማኅበሩ ቅርንጫፎች በሜይ 30 የጓዶቻቸውን መቃብር በአበባ እንዲያስጌጡ የሚል። ሥርዓቱን ለየቦታው ተወው፣ ቀኑን ግን አንድ አደረገው። ያደረገው ይህን ነው። ልማዱ ቀድሞም ነበር። በሜይ 1 ቀን 1865 ቻርለስተን ውስጥ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች፣ በፈረስ መሮጫ ሜዳው እስር ቤት ሞተው በጅምላ የተቀበሩ የሰሜን ወታደሮችን አስከሬን በክብር ቀብረው፣ በሺህ ሆነው አበባ ይዘው ሰልፍ ወጥተዋል። በ1866 ካርቦንዴል ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው ተመሳሳይ ሥርዓት ላይ ደግሞ ሎጋን ራሱ ተናጋሪ ነበር። አሁን የምናርፍበት የሜይ የመጨረሻ ሰኞ ከ1971 ወዲህ የመጣ ነው።

ሐውልቱ ጋ ሲሄዱ የነሐስ መሠረቱን ልብ ብለው ይዩ። ፍራንክሊን ሲመንስ የሠራው ነው፤ በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ መርቀውታል። በአንዱ ጎን ሎጋን በ1879 የሴናተርነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም ይታያል፣ የሚያስምለውም ቼስተር አርተር ነው። አርተር ግን ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው በ1881 ነው፤ ስለዚህ ያ ትዕይንት አልተፈጸመም። አደባባዩም እስከ 1930 ድረስ ስሙ አይዋ ሰርክል ነበር፤ የቆየ ካርታ ላይ ሎጋን ብለው ከፈለጉ አያገኙትም።

ስሙን በኢንተርኔት ሲፈልጉም ይጠንቀቁ። ኢሊኖይ ውስጥ ያለው ሎጋን ካውንቲ የተሰየመው በአባቱ ነው፣ በእሱ አይደለም፤ የካንሳስ፣ የኦክላሆማ፣ የኮሎራዶና የሰሜን ዳኮታዎቹ ግን የእሱ ናቸው። የቦስተኑ ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ኤድዋርድ ሎረንስ ሎጋን በሚባል ሌላ ጀኔራል የተሰየመ ነው።